ከመጋረጃው ጀርባ

ነገ ምርጫ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው እንጂ ስለ ፖለቲካ ለመጻፍ አምሮኝ አይደለም። እንደውም ፖለቲካ ሲነሳ ወሬ ከሚያስቀይሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምርጫዎች የመረጥኩት በእልህ ነበር። ማን ያሸንፍ ሳይሆን ማን ይሸነፍ ነበር የኔ ጥያቄ። ወረቀቱን ኮሮጆው ውስጥ ስከት የተሰማኝ ደስታ ተቃራኒ ቡድን ላይ ጎል ሲገባ የሚሰማኝ ዓይነት ነበር። ያኔ ነቄ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ይብሳል። በዚያ ሰሞን ከሚያጨቃጭቁት ጉዳዮች አንዱ ቤት ውስጥ በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሰዎች የሚሰጠው ድጎማ ነበር። ይቀጥል ወይስ ይቀነስ? እኔ ይቀነስ ካሉት ጋር ነበርኩ። ክርክሬ ደግሞ ተሰርቶ ያለቀ ነው፤ ሰው ሰርቶ ይብላ፣ ድጎማ ያሰንፋል፣ የዛሬው ወጪ የነገ ዕዳ ነው። ከልቤ አምኜበት ነበር፣ ክፋትም አልነበረብኝም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሲባል ሁልጊዜ ጨካኝ ሰው ይታየኝ ነበር፤ ለካ ቁስሉን ያላየ ሰውም እንጨቱን ይዞ ይዞራል።

ከዓመት በኋላ የታላቅ እህቴን ባል ስትሮክ መታው። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። እህቴ መጀመሪያ ሥራዋን ግማሽ ቀን አደረገች፣ ቆይታ ጭራሽ ተወችው። እኔ እሁድ እሁድ ብቅ እያልኩ "አይዞሽ" እያልኩ እመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ግን እሷ ራሷ ታመመችና ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ተተካሁ።

ማስታመም ማለት አልጋ አጠገብ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ስለዚህ የስልኬን ማንቂያ እየሞላሁ አምስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ። በሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮህ አልሰማሁትም። ጠዋት ዳሌው ላይ ቀልቶ አየሁት፤ እሱ ግን "ምንም አይደል" አለኝ፣ በዚያ በግማሽ አፉ። ልብሱን ስቀይርለት ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲያፍር ማየት ከማገላበጡ በላይ ይከብዳል።

በአሥረኛው ቀን የመድኃኒት ወረቀት ስፈልግ ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ድጎማቸው እንደተቀነሰ የሚገልጽ ነው። እኔ የመረጥኳቸው ሰዎች ቃላቸውን ጠብቀዋል ማለት ነው።

"እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? አንተ በዚያ ሰሞን ምን ምን ትል እንደነበር እኔው ቤት ምሳ እየበላህ ሰምቼሃለሁ።"

በቁጣ አልተናገረችውም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ያለቀሰ ሁሉ አንጀቴን ይበላው ጀመር። አንድ እጩ መድረክ ላይ ስለ ታመመች እናቱ እያወራ እንባው ሲወርድ አብሬው ልንሰቀሰቅ ምንም አልቀረኝም፤ ድምፄን ለሱ ወስኜ ነበር። ደግነቱ ምክር ቤት በነበረበት ጊዜ በምን በምን ጉዳይ እጁን እንዳወጣ ፈልጌ አነበብኩ። በእህቴ ዓይነት ሰዎች ላይ ሁለት ጊዜ። እንባው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለእናቱ ነዋ።

ይህ ነገር ሲያብሰለስለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ቶማስ ሼሊንግ የሚባለው የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፈው ነገር አለ። ጋዜጣ ላይ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ያስፈልጋታል ተብሎ ቢወጣ ፖስታ ቤቱ በሳንቲም ይጥለቀለቃል፤ ይህ ግብር ካልተከፈለ ሆስፒታሎች ይዳከማሉ፣ የሚሞተው ሰው በትንሹ ይጨምራል ቢባል ግን የሚያለቅስ አይገኝም ይላል። ምርጫ ላይ የሚቀርብልን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ወሬ ነው። በጀት፣ በመቶኛ፣ አንቀጽ። ፊት የለውም። ፊቱን መሳል የመራጩ ሥራ ነው፣ እኔም ያልሰራሁት እሱን ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ አዳም ስሚዝ ደግሞ ቀድሞ፣ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን፣ የባሰውን ብሎታል። ነገ ትንሿ ጣቱ የምትቆረጥበት ሰው ዛሬ ሌሊት አይተኛም፤ የቻይና ሕዝብ በሙሉ በመሬት መንቀጥቀጥ ቢዋጥ ግን፣ ሰዎቹን አይቷቸው እስካላወቀ ድረስ፣ እያንኮራፋ ያድራል። ይሄኛውን ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ የራሴን ማንኮራፋት አሰብኩት።

ፖል ብሉም የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የሌላውን ስሜት መጋራትን ራሱን ተቃውሞ መጽሐፍ ጽፏል። ስሜት መጋራት እንደ ባትሪ መብራት ነው፣ የሚያበራው ባዞርንበት ላይ ብቻ ነው፣ የምናዞረው ደግሞ ወደሚመስሉን ሰዎች ነው ባይ ነው። በግማሹ እስማማለሁ። መብራቱ ጠባብ ነው። ግን ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ጠባብ ነው ብሎ ባትሪውን አይጥልም፣ ያዞረዋል እንጂ። እኔን ከስህተቴ የመለሰኝ ስሌት አይደለም፣ የቀላው ዳሌ ነው።

"አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?" የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። በራስ ጥቅም ካሰሉት ልክ ናቸው፤ አንድ ድምፅ ውጤት የመወሰን ዕድሉ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ የኢኮኖሚ ምሁሩ አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ጽፎታል። ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ኤድሊን፣ ጌልማን እና ካፕላን የተባሉ ተመራማሪዎች ስሌቱን ገለበጡት። ለራሴ ብቻ ከመረጥኩ ትንሽዬዋን ዕድል የማባዛት በአንድ ሰው ጥቅም ነው፤ ለሌላው ብዬ ከመረጥኩ ግን የማባዛት በሚሊዮኖች ነው፣ ያኔ ተሰልፎ መቆሙ ያዋጣል። ሒሳብ እንዲህ ለደግነት ሲመሰክር ብዙ አላየሁም።

ደግሞ ድምፅ ስንሰጥ የሚጋርደን መጋረጃ አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ድምፅ በግልጽ ይሰጥ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ድምፅ የአደራ ነገር ነው፣ ሰው ተደብቆ ከሰጠው የራሱ ንብረት አድርጎ ይቆጥረዋል የሚል ፍራቻ ነበረው። በዚህ አልስማማም። ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ የተባሉት የአውስትራሊያ ግዛቶች በ1856፣ ብሪታንያ በ1872 ሚስጥራዊ ድምፅ ያመጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተከራይ አከራዩን፣ ሠራተኛ አሠሪውን እየፈራ መምረጥ የለበትም። ግን ፍራቻው ይገባኛል። ያንን ድምፅ እህቴ ፊት ቆሜ፣ ከቀላው ዳሌ አጠገብ ስጥ ብባል እጄ ይታዘዘኝ ነበር?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያመጣው ሌላ ዓይነት መጋረጃ አለ። ሕግ ስታወጣ ራስህ ማን እንደምትሆን የማታውቅ አድርገህ አስብ ይላል፤ ሀብታም ወይ ድሃ፣ ጤነኛ ወይ በሽተኛ። በሥርዓቱ ካልን እሱ የሚያወራው ስለ ማኅበረሰብ መሠረት ነው እንጂ ስለ እኔ ብጫቂ ወረቀት አይደለም። እኔ ግን አሳንሼ ለኪሴ አድርጌዋለሁ። ነገ ከዚያ ክፍል ስወጣ አስታማሚ ብሆንስ? ታማሚው ብሆንስ? ግብሩን የሚከፍለው ነጋዴ ብሆንስ? የመጨረሻዋን የጨመረችልኝ እህቴ ናት።

ባለፈው ሳምንት "ዘንድሮ ላንቺ ብዬ ነው የምመርጠው" ብያት ነበር፣ ትንሽ ምስጋና ቢጤ እየጠበቅኩ። ሳቀች።

"ለኔ እኔ አለሁ። አንተ የማትወደውን ሰው አስብ። እኔንማ ትወደኛለህ፣ ምኑ ይከብዳል?"

ይኸውና ከምሽቱ ጀምሮ የማልወዳቸውን ሰዎች እየቆጠርኩ ነው። ያችን ድጎማ ከግብሩ የሚከፍል፣ ሱቁን ሊዘጋ የደረሰ፣ በክርክር ጊዜ የጮህኩበት አንድ ሰውዬ አለ። እሱም ሌሊት አይተኛም ይሆናል። ሁለቱንም፣ እሱንም እህቴንም፣ የሚያስብ እጩ ፈልጌ ያገኘሁት ድምፁ ራሱ የሚያበሳጨኝን ነው። ቀልድ አይችልም፣ ንግግሩ እንቅልፍ ያመጣል፣ ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የጻፈው እሱ ብቻ ነው። የምወደው ደግሞ ያኛውን፣ ያንን እንባው የወረደውን ነው። አሁንም ልቤ ወደ ያኛው ያዘነብላል፣ አልዋሽም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሰለፍ አለብኝ። ቶሎ ጨርሼ እህቴ ጋ ሄጄ ባሏን እጠብቃለሁ፣ እሷም ሄዳ ትመርጣለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።