2 ጊጋ ራም ላይ ቪኤስ ኮድ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወዳለው ቢሯችን ለልምምድ የመጣች ተማሪ ነበረች። ላፕቶፗ ከወንድሟ የወረሰችው ነው። 2 ጊጋ ራም፣ የሚንቋቋ ሃርድ ዲስክ፣ ቻርጅ የማይዝ ባትሪ። እሱ ላይ ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኮድ መጻፊያ ጭናለች። ለምን ስላት «ሁሉም ሰው እሱን አይደል የሚጠቀመው?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጉዱ የሚመጣው የሠራችውን ለማየት ክሮምን ስትከፍት ነው። የጻፈችው ፊደል ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ቡና ይፈላል። «ጋሼ፣ ስታክ አደረገብኝ!» ቫይረስ መስሏት ፎርማት ልታስደርገው ነበር።

ታስክ ማናጀሩን ከፍተን አየን። ራሙ ጢም ብሏል፤ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሏል። ነገሩ ወዲህ ነው። ቪኤስ ኮድ የተሠራው ኤሌክትሮን በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ ኤሌክትሮን ደግሞ ክሮም የተሠራበትን ብሮውዘር፣ ክሮሚየምን፣ በሆዱ ይዞ ይመጣል። ልጅቷ ሳታውቀው ሁለት ብሮውዘር ከፍታለች ማለት ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። እዚያ ከተደረሰ አለቀ፣ ማሽኑ ይንፏቀቃል።

የማትፈልጋቸውን የቪኤስ ኮድ ኤክስቴንሽኖች (ተጨማሪ ማገዣዎች) አጠፋን። ትንሽ ቀለል አለ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚባል ቀለል ያለ ኮድ መጻፊያ ጫንን። ወዲያው ተከፈተ። ኮዱን በቀለም ይለያል፣ ፋይሎቹን በታብ ይደረድራል። እሷ ግን ፊቷ አልፈታም። «ይሄማ የድሮ ነው» አለች። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ አልዋሸችም። ላፕቶፑስ የመቼ ነው?

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም አብሮ ድርግም። ሴቭ አላደረገችም ነበርና ልታለቅስ ምንም አልቀራት። መብራት ሲመጣ ከፈተችው፤ ኮዷ እንዳለ ተቀምጧል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ሴቭ ያልተደረገውን፣ ሴቲንጉ ካልተነካ፣ በየ7 ሰከንዱ ለብቻው ያስቀምጣል። ፍጥነቱ ያላሳመናትን ይሄ አሳመናት። ለነገሩ ቪኤስ ኮድም ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይይዛል፤ እዚያ ማሽን ላይ ተከፍቶ እስኪያሳይ ነው ጣጣው።

ላፕቶፑ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ቢሆን ኖሮ ጂኒ የሚባለውን ኮድ መጻፊያ እሰጣት ነበር፤ እሱም ቀላል ነው።

የሚቀርባት ነገር አለ። ኮዱን መስመር በመስመር እያስቆመች ስህተት መፈለግ ስትፈልግ ቪኤስ ኮድ ይሻላታል። ያኔ የእኔ ዴስክቶፕ ላይ ትቀመጣለች፣ 8 ጊጋ ነው። እኔም ምሳ እወጣለሁ።