ድፍን ምስር፣ ክክ ምስር

ዛሬ ረፋዱ ላይ ከእናቴ ጋር ምስር ለቀምን፤ ለጾም ወጥ። እኔ አንድ ጠጠር ሳወጣ እሷ ሦስት ታወጣለች። ከምስር ውስጥ ድንጋይ መልቀም የልጅነት ሥራዬ ነው። ከድንጋይ ውስጥ ምስር ያየሁት ግን ባለፈው ወር፣ ጊዛ ላይ ነው።

ካይሮ የሄድኩት ለሥራ ነበር። ከኩፉ ፒራሚድ ግርጌ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ የእኔ ዓይን ፊት ለፊቴ ካለው ድንጋይ ላይ ቀረ። ክብ ክብ ፍሬ ሞልቶታል፤ አንዳንዱ ምስር የሚያክል፣ አንዳንዱ እንደ ሳንቲም የሰፋ። የጥንት ሰዎቻችን ያንን አገር «ምስር» ይሉት እንደነበር ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከ2000 ዓመት በፊት ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን እዚያው ቆሞ ይህንኑ አይቷል። ፒራሚዱን የሠሩት ሰዎች በልተው ያስተረፉት ምስር ድንጋይ ሆኖ ነው ሲባል ሰምቶ ጻፈው። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ወጥ ወጥ ይሸተኝ ነበር።

ነገሩ ኑሙላይት ነው፤ ፎራሚኒፌራ ከሚባሉት የባሕር ፍጥረታት አንዱ። ስሙ በላቲን «ትንሽ ሳንቲም» ማለት ነው። ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው ባሕር በነበረበት ጊዜ ኖረው ሞቱ፤ ቅርፋቸው ተከምሮ የኖራ ድንጋይ ሆነ። እያንዳንዱ ፍሬ የአንድ ሕዋስ ቤት ነው። ሳንቲም የሚያህል ቤት፣ ለአንዲት ሕዋስ! ይህን እስካሁን ልቀበለው አልቻልኩም።

ቅርፉ ለሁለት ሲሰነጠቅ የሚታየው ደግሞ ይብሳል። ከመካከል አንዲት ክፍል ትጀምራለች፤ ከእሷ ቀጥላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ እየዞሩ እየዞሩ እስከ ጠርዝ። ልክ እንደ ሰፌድ ስፌት። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዶርቢኒ እ.ኤ.አ. በ1826 ለፎራሚኒፌራ ወገን ስም ሲያወጣ፣ በዚሁ ጥምዝ ተታልሎ ከኦክቶፐስ ዘመዶች ጋር ቆጥሯቸው ነበር። ባለ አንድ ሕዋስ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1835 ያስተዋለው የአገሩ ልጅ ዱዣርዳን ነው።

ዘመዶቻቸው ዛሬም በባሕር ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ከባሕር ወለል አሸዋ ፍሬ በፍሬ መርጠው፣ አጣብቀው ቤት ይሠራሉ። አእምሮ የለ፣ ዓይን የለ፣ ግን ይለቅማሉ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። በስልኬ ያነሳሁትንም ፎቶግራፍ አሳየኋት። መነጽሯን አስተካክላ ብዙ አየችው።

«ድፍን ነው ወይስ ክክ?» አለችኝ።

ሁለቱም ነበር። ያልተሰነጠቀው ድፍን፣ ጥምዙ የሚታየው ክክ። ስትራቦንም ከፊሉ በግማሽ የተፈለፈለ እህል ይመስላል ብሎ ነበር።

«ክክም አለው፣ እማዬ» አልኳት።

«እንግዲያው ቶሎ ይበስላል» ብላ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።