ከጥቁሮቹ ነጥቦች የሚጥለው የትኛው ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ በራዲዮሎጂስትነት ስሠራ ከሚደርሱኝ የምርመራ ወረቀቶች ብዙዎቹ «የሚጥል በሽታ» ከማለት አያልፉም። ስለዚህ በሽተኛውን ያመጣውን ሰው ራሴ መጠየቅ ጀመርሁ፤ የሚወድቀው ሰው አወዳደቁን አያየውማ።

ከነዚህ በሽተኞች አንዱ ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ወጣት ነበር። በሲቲ ስካኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ታይታ «የድሮ ኢንፌክሽን ጠባሳ» ተብላ ታልፋለች። ታላቅ ወንድሙ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ መጀመሪያ የግራ አውራ ጣቱ ይርገበገባል፤ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ፊቱ፤ ራሱን የሚስተው በኋላ ነው። አንድ ቀን ታንኳ ላይ ሳለን ይዞት እንዳይሰጥም አቅፌው ቆየሁ።» የግራ እጅን የሚያንቀሳቅሰው የቀኙ አንጎል ስለሆነ የት እንደምፈልግ አወቅሁ።

በኤምአርአይ ሲነሳ ከተለመዱት ምስሎች በተጨማሪ ብረትን አጉልቶ የሚያወጣው ኤስደብሊውአይ እንዲጨመር አዘዝሁ። የጠረጠርሁት ካቬርኖማን ነበር፤ ይህም ግድግዳቸው የሳሳ ጥቃቅን የደም ሥሮች የተቋጠሩበት እብጠት ነው። ደሙ በውስጡ እጅግ በዝግታ ስለሚሄድ የደም ሥሮችን በሚያሳየው አንጂዮግራፊ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። በየጊዜው የሚያፈስሰው ጥቂት ደም ግን ሄሞሲዴሪን የሚባል ብረት ያዘለ ቅሪት በዙሪያው ይተዋል፤ የአንጎልን ውጫዊ ንጣፍ (ኮርቴክስ) እየቆጠቆጠ የሚጥል በሽታ ያስነሳል የሚባለውም በአመዛኙ ይኸው ነው። ኤስደብሊውአይ ይህን ቅሪት ያጠቁረዋል፣ ከልኩም በላይ ያገዝፈዋል፤ ስለዚህ መጠኑን የምለካው ከተለመዱት የኤምአርአይ ምስሎች አንዱ በሆነው በቲ2 ላይ ነው። ካልሲየምም ስለሚጠቁር፣ ሁለቱን በተቃራኒ ቀለም የሚያሳየውንና ከኤስደብሊውአይ ጋር የሚወጣውን የፌዝ ምስል አያለሁ።

አንድ ነጥብ ስጠብቅ ነጭ ነጠላ ላይ ኑግ የተበተነ ይመስል ብዙ ወጡ። እንዲህ ሲበዙ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ይጠረጠራል። ትልቁ በግራ፣ ከኋላ ነበር፤ ዓይን የሚስበውም እሱ ነው። እኔ ግን ወደ ቀኙ ሄድሁ። የእጅ እንቅስቃሴ የሚታዘዝበት እጥፋት የግሪክ ፊደል ኦሜጋን ስለሚመስል በቀላሉ ይለያል፤ ከእጥፋቱ ጥግ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ ተጣብቃለች። የነርቭ ሐኪሙ ያሠራው ኢኢጂም (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ወደ ቀኝ ጠቆመ። በሪፖርቴ ትልቁን በመጠኑ፣ ትንሿን በተጠርጣሪነቷ ለየብቻ ጻፍኋቸው።

ለቀዶ ጥገና ቦታው ክፉ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቀደመ። ቀዶ ጥገና ቢታሰብ ጣቱን እያንቀሳቀሰ በሚነሳ፣ በሥራ ላይ ያለውን የአንጎል ክፍል በሚያሳይ ፈንክሽናል ኤምአርአይ የእጁን ቦታ መለየት ይቻላል፤ ሆኖም ያው ብረት በዙሪያው ያለውን ምልክት ስለሚያጠፋ፣ በዚያ ቦታ ምልክት አለመታየቱ ብቻውን ቢላዋ አያስነሳም።

ወንድምየው «እኔስ ልመርመር?» አለኝ። ምንም ሕመም ስለሌለው ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ከነርቭ ሐኪሙ ጋር እንዲመክር ነገርሁት። ታናሹም ብቻውን ሐይቅ ላይ እንዳይወጣ አስጠነቀቅሁ።

«እናታችን ታንኳውን አሽጣናለች» አለኝ።