የፒያሳን ግጥም ክፍል ውስጥ ሳስተምር

አዲስ አበባ የ11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ቴሌግራም ላይ ብዙ ግጥም ይዞር ነበር። አንዱን ይዤ ክፍል ገባሁ። ተናጋሪው ሽማግሌ ነው። የኖረበትን ቤት ፈልጎ ያጣዋል። አዲሱ መንገድ ግን ያምራል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ይቃወም ይደግፍ ቶሎ አይለይም። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። መፈክር የሆነ ግጥም አንዴ ከተነበበ ምን ያወያያል?

አንድ ባልደረባዬ «ምን በወጣህ! ስለ እናት ፍቅር የተጻፈ ሞልቶ» አለኝ።

ቀጥታ አልገባሁበትም። መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ የተባለችውን ግጥም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦

«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።»

ቀለሙን፣ ማለትም በየሐረጉ ያለውን የድምፅ ብዛት፣ ቆጠሩ። ስድስት ስድስት፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ። ማንን ታሞግሳለች? ሁሉም «ቴዎድሮስን» አሉ። አንዷ ግን «ቲቸር፣ የቀሩትን መስደቧም ነው እኮ» አለች። ግማሹን ሥራ እሷ ጨረሰችልኝ።

ከዚያ የፒያሳውን ግጥም አደልኩ። የገጣሚውን ስም ሆን ብዬ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። ወዲያው «ማን ነው የጻፈው? የማን ወገን ነው?» ተባለ። «መጨረሻ ላይ» አልኩ። እኛ ጋ ስም ከታወቀ ንባቡ አለቀ፤ ብሔሩም አቋሙም ከስሙ ይገመትና ፍርዱ ይሰጣል።

የክፍሉ ሕግ አንድ ነበር፤ የተናገረ ሁሉ «የትኛው መስመር ላይ?» ሲባል ማሳየት አለበት። ቤተሰቦቹ ከፒያሳ ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ልጅ «ሰውዬው መንግሥትን እየረገመ ነው» አለ። አጠገቡ ያለው «የት ጋ? እኔ መንገዱ ደስ ሲለው ነው ያየሁት» ብሎ ያዘው። ወረቀቱ ላይ አብረው አቀረቀሩ። ቤቱ ፈረሰ፣ ሰፈሩ ተነሳ፣ አፈሩ ተጠረገ ይላል፤ ማን እንዳፈረሰው ግን አንድም ቦታ የለም። ፈርቶ ነው? ወይስ ለሽማግሌው ማንም ያፍርሰው ያው ነው? ጭቅጭቁ ደወል እስኪደወል ቀጠለ። እኔ አልዳኘሁም። ብዳኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት የእኔን ፊት ይሆን ነበር።

ቤቱ የፈረሰበትን ልጅ ግን ተነስተህ አውራ አይባልም። ራሱ ካመጣው መልካም፣ ካላመጣው ይተዋል። የትምህርት ክፍል ኃላፊውም ግጥሙን አስቀድመው ቢያዩት ይሻላል፤ ከወላጅ አፍ ከሰሙት ነገሩ ሌላ ነው።

ስሙን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነገርኳቸው። ወዲያው ሐሳባቸውን የለወጡ ነበሩ። «መስመሩ ያው ነው፤ ታዲያ ምኑ ተለወጠ?» ብዬ እሱኑ የቤት ሥራ አደረግኩት። የቤት ሥራውን ሳርም አቋም አልቆጠርኩም፤ የጠቀሱትን መስመር ነው ያየሁት። አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡት ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ጽፈው እኩል ዘጠኝ ከአሥር አገኙ። ከዚያማ ነጥቡ ላይ ደግሞ ክርክር ጀመሩ።