ከስፒከሩ በፊት ፋይሉን

«ድምፁ ደብዛዛ ነው» ሲባል አብዛኛው ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ስፒከሩ ወይም ወደ አምፕሊፋየሩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ፋይሉ ነው ባይ ነኝ። ምንጩ ላይ የተጣለውን ድምፅ ከኋላ የሚመጣ ዕቃ አይመልሰውም። ስፒከሩ በተሻለ ቁጥርማ ጉድለቱ ይበልጥ ይሰማል።

ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ ልክ፣ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ነው። በሁለት ቻናል ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይመጣል። 128 ኪሎቢት ያለው ኤምፒ3 ከዚህ አሥራ አንድ ጊዜ ያንሳል። የአራት ደቂቃው ዘፈን ከ42 ሜጋባይት ወደ 4 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። የሚጣለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ኢንኮደሩ (ፋይሉን የሚጨምቀው ፕሮግራም) በጎላ ድምፅ ስለተሸፈነ ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ነው የሚቆርጠው። ቢቱ ሲያጥረው ግን የሚሰማውንም ጭምር ይቆርጣል።

ጉዳቱን ወፍራሙ ድምፅ ላይ መፈለግ ድካም ነው፤ ቤዝ እምብዛም አይነካም። ሲምባሉን፣ ማለትም ከበሮው ላይ ያለውን የብረት ሳህን፣ ነው ማዳመጥ። ደህና ቅጂ ላይ ብረቱ ጥርት ብሎ ይነሣና ቀስ እያለ ይከስማል፤ 128 ላይ ግን ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስል ይንሿሿል። የአዳራሽ ጭብጨባም እጅ ከእጅ መለየቱ ይቀርና እንደ አንድ ሹሹታ ይሆናል።

በጣም የሚያሳዝነው ስሙ ላይ 320 ተጽፎበት ውስጡ 128 የሆነው ፋይል ነው። ከ128 ወደ 320፣ ወይም ወደ ፍላክ (ምንም ሳይጥል ወደሚጨምቀው ፎርማት)፣ የተቀየረ ዘፈን ክብደቱ ይጨምራል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ይህን ለማጋለጥ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይበቃል። ፋይሉን መክፈት፣ ከትራኩ ስም ሜኑ ስፔክትሮግራምን (ወፍራሙን ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ በቀለም የሚያሳየውን ሥዕል) መምረጥ፣ የላይኛውን ወሰን 22,000 ኸርዝ ማድረግ፤ በቃ። ቀለሙ ከታች ደምቆ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ከሲዲ በቀጥታ በተወሰደ ፋይል ላይ ጫፉ እየተበጣጠሰ ወደ 22 ኪሎኸርዝ ይጠጋል፤ በትክክለኛ 320 ወደ 20 ገደማ ይደርሳል። ከ128 የመጣው ግን 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በማስመሪያ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የድሮ ቅጂም ቀጭኑ ድምፅ ላይኖረው ይችላል፤ እሱ ግን እየደበዘዘ ነው የሚጠፋው፣ በአንድ መስመር አይቆረጥም። ከኤፍኤም ሬዲዮ የተቀዳም 15 ላይ ያቆማል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የአቆራረጡን ቅርጽ አምናለሁ።

ፋይሉ ደህና ከሆነ ድምፁ እስከ ስፒከሩ የሚሄድበት መንገድ ይታይ። በብሉቱዝ የሚላክ ድምፅ ብዙውን ጊዜ እንደገና ይጨመቃል፤ ኤስቢሲ የሚባለው መደበኛው ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ) ከፍ ሲል በሰከንድ 328 ኪሎቢት ነው። ቀድሞ የተጨመቀ ፋይል ሁለተኛ ሲጨመቅ ጉድለቱ ይደራረባል። ለዋናው ማዳመጫ ገመድ እመርጣለሁ። ኮምፒውተሩ ሲገናኝ ስፒከሩ 50 ኸርዝ ላይ የሚያጉረመርም ከሆነ ድምፁን በብርሃን የሚያሳልፈው ኦፕቲካል ገመድ የኤሌክትሪኩን የመሬት መስመር (ግራውንድ) ስለሚለያይ ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል።

የማጫወቻው ቮልዩም ደግሞ ዝቅ ብሎ አምፕሊፋየሩ ከፍ ማለት የለበትም፤ በ16 ቢት መውጫ 6 ዴሲቤል በቀነስን ቁጥር አንድ ቢት ይሄዳል። ሙሉ ለሙሉ መክፈትም አይመከርም። ጮክ ተደርጎ የተቀዳ ዘፈን ተጨምቆ ሲፈታ የሞገዱ ጫፎች ከ0 ዴሲቤል፣ ማለትም ከዲጂታል ድምፅ ጣሪያ፣ ያልፉና ይቆረጣሉ። ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ሁለት ጥራቶችን፣ ለምሳሌ 320ንና ፍላክን፣ ለማወዳደር ከአንድ ኦሪጅናል ሁለቱንም ቅጂ ራስ መሥራት ነው፤ ከዚያ ጩኸታቸውን ማስተካከል፣ ምክንያቱም ትንሽ የጎላው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። የትኛው እንደሚጫወት ሳያዩ 16 ጊዜ ገምቶ 12 እና ከዚያ በላይ በትክክል ማግኘት በዕድል የሚሆነው ከ100 አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። 320ን ከፍላክ በዚህ ፈተና የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው። ፍላክን የማስቀምጠው ወደፊት ወደ ሌላ ፎርማት ስቀይረው ምንም እንዳይጎድልብኝ ነው።

ፍላክም ሆኖ የሚያደክም ዘፈን ካለ ሞገዱን ቀረብ አድርጎ ማየት ነው። ጫፎቹ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ከሆኑ ጉዳቱ የደረሰው ማስተሪንግ፣ ማለትም ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት በሚደረገው የመጨረሻ ዝግጅት፣ ላይ ነው፤ ያኔ ሌላ እትም፣ ብዙ ጊዜም ቀደም ብሎ የወጣውን፣ መፈለግ ነው።