ጥላው አልጠፋ አለ

የሥነ ፈለክ ክበባችን ቴሌስኮፕ የለውም። ያለን አንድ ሜትር የብረት ዘንግ፣ ቱንቢና ጠመኔ ነው። ለዚህ ሙከራ ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናታችን ላይ ትደርሳለች። አንዱ ሚያዝያ 5 ግድም፣ ሌላው ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። የነሐሴው ለኛ አይሆንም፤ ትምህርት ዝግ፣ ሰማዩም ደመና ነው። ሚያዝያን ጠበቅን።

ለሰባተኛ ክፍሎቹ «ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የዘንጉ ጥላ ይጠፋል» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጥላው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጋድሟል። ዘንጉ ተጣሞ ይሆን ብዬ በቱንቢ አየሁት፣ ቀጥ ብሏል። አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ ፀሐይዋ አርፍዳለች!» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ለምሳ ልለቃቸው ስል አንዲት ልጅ ከዘንጉ ሥር ተቀምጣ የጥላውን ጫፍ በየአምስት ደቂቃው በጠመኔ ስትነጥብ አየኋት። ነጥቦቹ ወደ ዘንጉ እየተጠጉ ነው። ቆየን። 6፡25 ሲል ጥላው ድርግም ብሎ ጠፋ። ጩኸቱን እንኳን ተዉት፣ ዘበኛው ሳይቀር መጣ።

«አርፍዳለች» ያለው ልጅ ለካ እውነቱን ነው። የሀገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ይህ መስመር በሶማሌ ክልል፣ በወርዴር አቅራቢያ ያልፋል። አዲስ አበባ ግን 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስድስቱን ዲግሪ በአራት ስታባዙት ያሳፈረኝን ጊዜ ታገኛላችሁ። ይህን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ መሰላችሁ!

ያን ቀን ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬም ዘንግ አቁሞ ነበር። የሱ አጭሩ ጥላ 5 ሴንቲ ሜትር መሆኑን በቴሌግራም ላከልን። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ እንዳደረገው የመሬትን ዙሪያ ልናሰላ ተቀመጥን። ከጥላው የሚገኘው ማዕዘን ከ360 ዲግሪ ስንት እጅ እንደሆነ ካወቅን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀትም ከመሬት ዙሪያ ያንኑ ያህል እጅ ነው። አንዱ ቡድን ከ60 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አመጣ። ለካስ የአውቶቡሱን መንገድ፣ የአባይን በረሃ ጥምዝምዝ ሁሉ ቆጥረውታል! ቀጥታ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 285 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሲሰላ 36 ሺህ ሆነ። ትክክለኛው 40 ሺህ ነው። ጥፋቱ ከጥላው ጫፍ ነው፤ ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች ጫፉ ጥርት አይልም። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስህተት ሺዎችን ይበላል።

ሚያዝያ 12 ግድም ተራው የባሕር ዳር ነው። ያን ቀን እነሱ ጥላ ሲያጡ የኛ ወደ ደቡብ ይወጣል። ልጆቹ ግን ከወዲሁ ተወራርደዋል፤ ግማሾቹ ወደ ሰሜን ነው ይላሉ።