ከድሬዳዋ፣ ለገና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉን ከእኛ ጋር የምትውሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼና ጓደኞቼም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

የቁልቢ ገብርኤል እንግዶቻችን ከተሸኙ ወዲህ የከተማችን ሰፈር ከዚራ ጸጥ ብላለች፤ እኔም በዚህ ጸጥታ ዓመቱን ሙሉ ሲያመላልሰኝ የነበረውን ጉዳይ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማችንን የቆረቆረው ባቡር ማለቴ ነው። ከተዉልኝ ነገሮች አንዱ በፈረንሳይኛ የታተመ የሥራ መመሪያ ሲሆን፣ የቅባት አሻራቸው እስከ ዛሬ ገጹ ላይ አለ፤ በኅዳጉም በእርሳስ፣ በአማርኛ የጻፏቸው አጫጭር ማስታወሻዎች ይታያሉ። ፈረንሳይኛ ስለማላውቅ ለዓመታት እከፍተውና አሻራውን አይቼ እዘጋው ነበር። ዘንድሮ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ እያነሣሁ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠሁትና ወደ አማርኛ መለሰልኝ። ስለ ፍሬን ፍተሻ የሚናገረውን ገጽ ሳነብ፣ አባቴ «ቁልቁለት ላይ አትቸኩል» ብለው ከጎኑ ለምን እንደጻፉ ገባኝ። ያን ቀን አለቀስሁ፤ ለመሣሪያውም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

በጥቅምት ወደ ሐረር ስወጣ ግን ያንኑ መሣሪያ የጁገልን፣ የሐረርን የግንብ አጥር፣ ጥንታዊ በሮች እንዲዘረዝርልኝ ብጠይቀው ሰባት አድርጎ ቆጠረልኝ። አምስት መሆናቸውን ስለማውቅ ዝርዝሩን ይዤ በደንገጎ ዳገት ወጣሁ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. በገባበት በኤረር በር ቆሜ፣ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ጠጋ ብዬ «አርጎብ በሪ በየት በኩል ነው?» አልኋቸው። «ቆመህበት ትጠይቀኛለህ ልጄ?» አሉኝ፤ ቀጥለውም ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ እንደሚሉት ነገሩኝ። ለካ መሣሪያው እነዚህን ሁለት በሮች በየሁለት ስማቸው አራት አድርጎ ኖሯል።

ይህ ለምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መሣሪያው ከተጻፈ ነገር ተምሮ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚመልሰው፤ በአማርኛና በሐረሪ ስለዚህ አካባቢ ተጽፎ የሚያገኘው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እኔን ያሳዘነኝ የእሱ ስሕተት ሳይሆን፣ የእኚያን እናት ዕውቀት እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም ጽፌ አለማስቀመጤ ነው። የአባቴ የእርሳስ ጽሑፍስ ቢሆን ከእኔ በቀር ማን አይቶት ያውቃል? ቀለሙም እየደበዘዘ ነው።

ከቡና በኋላ ማስታወሻዎቹን ወደ ደብተር እገለብጣለሁ፤ የቀሩኝ አሥራ አንድ ገጾች ናቸው። በዓሉን ሐረር የምትውሉ ደግሞ፣ እባካችሁ በየበሩ ቆም ብላችሁ አዛውንቶቹን የበሩን ስሞች ሁሉ ጠይቁልኝ፤ የሰማችሁትንም እንዳለ ጽፋችሁ ላኩልኝ።